የአእምሮ ሕመም ያለበት ተከሳሽ በዋስ ይፈታል?

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጎረቤት ደበደበ ወይም ንብረት ሰበረ ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ፣ ከቤተሰቡ አንዳንዱ «ሕመምተኛ ስለሆነ ወዲያው ይለቁታል» ይላል። ሌላው ደግሞ «እሱን በዋስ የሚፈታ ዳኛ የለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሕጉ ግን ሁለቱንም አይልም።

ዋስትና በምን ይከለከላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍ/ቤት የመቅረብና በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፍ/ቤት ዋስትና ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት፣ ክሱ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣና ተጎጂው የሞተበት ወይም ሊሞት የሚችልበት ሲሆን ዋስትና አይፈቀድም። በአንቀጽ 67 መሠረት ደግሞ ተጠርጣሪው የዋስትና ግዴታውን የማያከብር፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም፣ ወይም ምስክርና ማስረጃ የሚያበላሽ መስሎ ከታየ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል የአእምሮ ሕመም አልተጠቀሰም። ይሁንና ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በአንቀጽ 67 ሽፋን ነው። መርማሪ ፖሊስ «ቀጠሮ አያከብርም፣ ተመልሶም ሰው ይጎዳል» ብሎ ሊቃወም ይችላል። በዚህ ጊዜ «ራሱን መቆጣጠር አይችልም» ብሎ መከራከር ተጠርጣሪውን ከመጥቀም ይልቅ የፖሊስን ተቃውሞ ያጠናክራል። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ማን እንደሚያስታምመው፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስወስደውና በቀጠሮው ቀን ማን ይዞት እንደሚቀርብ ነው።

ኃላፊነት ሌላ ጥያቄ ነው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚመለከተው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ነው። ሰውየው በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ወይም በዚያው መሠረት ራሱን መምራት ካልቻለ በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። ችሎታው በከፊል ብቻ የተጓደለ ከሆነ አንቀጽ 49 ተፈጻሚ ይሆናል። ጥርጣሬ ሲኖር ወይም ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲያሳይ፣ ፍ/ቤት የባለሙያ ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ እንዳለበት አንቀጽ 51 ያስገድዳል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ከፍርድ ቤቶች የሚላኩ ተከሳሾችን ይመረምራል። ሆኖም ሐኪሙ የሚያስረዳው ስለ ጤና ነው፤ የሕግ መደምደሚያው የዳኛው ነው።

ኃላፊነት የለበትም ከተባለስ?

ይህ ውሳኔ ሁልጊዜ ወደ ቤት መሄድ ማለት አይደለም። ሰውየው ለሕዝብ ደኅንነት ወይም አብረውት ለሚኖሩ አስጊ ከሆነ በአንቀጽ 130 መሠረት ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ ይታዘዛል። ሕክምና ብቻ የሚያስፈልገው ከሆነ አንቀጽ 131 አለ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ እንደ እስራት ፍርድ የተቆረጠ ጊዜ የለውም፤ አንቀጽ 132 ግን በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በቀላል ክስ የተያዘ ሕመምተኛ ቅጣቱን ፈጽሞ ከሚወጣበት ጊዜ በላይ በተቋም ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም ይህ መከራከሪያ ከመነሳቱ በፊት ከጠበቃ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያው ቀጠሮ ሕመሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማመልከት፣ የሕክምና ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ ማቅረብ፣ በእስር ላይ ሳለም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መጠየቅ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የታሰረ ሰው በሐኪም የመጎብኘት መብት አለው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ይሰጣል። የዋስትናው ገንዘብ ሲወሰን የተጠርጣሪውና የዋሱ አቅም ከግምት እንዲገባ ማመልከትም ይቻላል። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኝ የሚቀርበው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ራሱ ሊጠይቅ ስለማይችል፣ ቤተሰቡ ካልጠየቀለት መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።