አጤሬራ፣ ፌስቡክ እና የመቱ ዶርም

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸውን በእንግሊዝኛ ሊጀምሩ ነበር። ጥያቄዎቹ ግን ቀድመዋቸው ፌስቡክ ላይ ወጡ። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን በሙሉ ሰረዘው፤ አገር ጉድ አለ።

እስቲ ነገሩን ከኢሉባቦር ሆነን እንየው። ከኅዳር 2008 ጀምሮ በኦሮሚያ በተነሳው ተቃውሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ጥያቄውን ያሰራጩት በውጭ አገር የሚኖሩ የተቃውሞው አቀንቃኞችም ምክንያታቸውን አልደበቁም። ልጆቹ ስላልተማሩ ፈተናው ይራዘም ብለን ሰሚ አጣን አሉ። ቅሬታው እውነት ነበር። ወራት ያመለጠው ልጅና ዓመቱን ሙሉ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ወረቀት መመዘን የለባቸውም። ግን እዚያው ጎሬ ወይም በደሌ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በኩራዝም በአምፖልም ብቻውን ያጠና ልጅ ነበር። እሱስ ምን ተደረገለት? ጥያቄው ሲበተን ያ ሁሉ ሌሊት አብሮ ተበተነ። ስለ 2008 ስናወራ ይህን ልጅ ማንም አያነሳውም፤ መንግሥትም፣ ተቃዋሚም።

መንግሥት ያገኘው መድኃኒት መዝጋት ነበር። ፈተናው በሐምሌ ሲደገም ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 እና በ2011 ደግሞ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በጠቅላላ ጠፋ። ለአጤሬራ ሲባል ባንኩም፣ ነጋዴውም፣ ከባሕር ማዶ ዘመዱ ጋር የሚያወራውም አብሮ ተቀጣ እንግዲህ።

ኩረጃው ግን ኢንተርኔት አልጠበቀም። ከዚያ በፊትም በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙ ተማሪ አራቱን እንዲደግፍ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ በጥናት መረዳዳት ነው። ፈተና ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመገመት ግን አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2015 ፈተናው ራሱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደ። ነባር ተማሪዎች ግቢውን ለቀቁ። ከየወረዳው ልጆች በአውቶቡስ ተጓጉዘው ዶርም ገቡ፤ ስልክ ተከለከለ፤ በር ላይ ፖሊስ ቆመ። በ2003 የተቋቋመው መቱ ዩኒቨርሲቲን ለመሰለ ወጣት ተቋም ቀላል ሥራ አልነበረም። ለገጠር ልጅ ደግሞ ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን ከቤት ርቆ፣ በማያውቀው አልጋ አድሮ መፈተን ማለት ነው።

ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ብዙዎች «ኩረጃው ተጋለጠ» አሉ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። የተጋለጠው ማስተማራችንም ጭምር ነው። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ የፊዚክስ መምህር ያላየ ልጅ ባይኮርጅም ያው ይወድቃል።

ሐምሌ 2015 ላይ የመውጫ ፈተና መጣ። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ወደ 40 በመቶ ናቸው፤ ከግል ተቋማት የመጡት ብቻቸውን ሲቆጠሩ ደግሞ 17 በመቶ ገደማ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው በመግቢያም በመውጫም ዘበኛ አለው። በመካከል ያሉት ዓመታትስ?

እዚያ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ ሲንየር ኤሴይ የምንለው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ በየምሰሶው «የጥናት ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ? ማማከር ማለት መጻፍ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው ስለ ጅማ ቡና የተጻፈ ጥናት ፍላሽ ላይ ይገለብጥና «ጅማ» የሚለውን በ«ያዮ» ይተካል። ያዮ ጫካ ውስጥ ያለ የዱር ቡና ግን የጅማ ገበሬ ጓሮ ውስጥ እንዳለው አይደለም፤ ደኑ ራሱ በ2002 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ነው። እናም ስለ መሬቱ የሚጠይቅ ሰው ጽሑፉን አንብቦ የሚያገኘው የሌላ አገር መሬት ነው። ጉዳቱ የግሬድ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ካሜራም ፖሊስም አይዘውም። የቅኔ ቤት ተማሪ (ቅኔ ማፍለቅን «ዘረፋ» የምንለው እኛው ነን፣ ይገርማል) ሲቆጥር የዋለውን ለመምህሩ ፊት ለፊት ይናገራል፤ መምህሩም እየሰማ ያርመዋል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ስለ ሰሙና ወርቁ ሲጠየቅ ይያዛል። የዩኒቨርሲቲው ዲፌንስ የዚህ ዘመድ ነበር። አሁን ግን ብዙ ቦታ አንድ አድቫይዘር ብዙ ተማሪ ይዞ፣ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ቀጣዩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።