የሃይድሮሊክ መሪ ብልሽት፦ ምልክቶቹ፣ መንስኤዎቹና መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

ከቁይና ከአካባቢው ተነስተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የሚገኘውን የዓባይ ሸለቆ ያቋርጣሉ። በዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት ላይ የመሪ ብልሽት የብዙዎችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። የሃይድሮሊክ መሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከመበላሸቱ በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክቱን በወቅቱ ማስተዋል ጉዳትንም ወጪንም ይቀንሳል።

አሠራሩ

በሞተሩ ኃይል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቺንጋ፣ የሚዞር ፓምፕ የመሪ ዘይትን በግፊት ወደ መሪ ሳጥኑ ይልካል። ግፊቱም አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ያግዘዋል። ዘይቱ ቢፈስ ወይም ሞተሩ ቢጠፋ በመሪውና በጎማዎቹ መካከል ያለው የብረት ግንኙነት አይቋረጥም፤ ሆኖም መሪው እጅግ ይከብዳል። በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚታገዝ መሪ ያላቸው ተሽከርካሪዎች የመሪ ዘይት ስለማይጠቀሙ ይህ መረጃ አይመለከታቸውም።

ምልክቶችና መንስኤዎች

• መሪው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲከብድ፦ የዘይት መጉደል፣ የቺንጋ መላላት ወይም የፓምፕ መድከም።
• መሪው ሲዞር የማቃሰት ድምፅ ሲሰማና ዘይቱ አረፋ ሲይዝ፦ የዘይት መጉደል ወይም አየር መግባት።
• ዘይቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ሲኖረው፦ ማርጀት ወይም ከመጠን በላይ መሞቅ።
• ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን ሲስብ፦ በቅድሚያ የጎማ ንፋስና የጎማ አሰላለፍ ይታያል።
• መሪው ላልቶ ሲንቀሳቀስ፦ የመገጣጠሚያዎች ማለቅ፤ ዘይት መጨመር አያስተካክለውም።

በደጋ አካባቢ ማለዳ ላይ ዘይቱ በብርድ ስለሚወፍር መሪው ለጥቂት ደቂቃ ሊከብድ ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቀለለ ተሽከርካሪው ሊመረመር ይገባል።

አሽከርካሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው

የዘይቱ መጠን ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ በማጠራቀሚያው ላይ ባለው ምልክት ይታያል። የሚጨመረውም አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎችን ስለሚያበላሽ በምትኩ ሊጨመር አይገባም። ዘይቱ በተደጋጋሚ የሚጎድል ከሆነ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ እየጨመሩ መጓዝ መፍትሔ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ ፍሳሽን በእጅ መፈለግ ክልክል ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ ሊበሳ ይችላል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ለረጅም ጊዜ መያዝም ፓምፑን ይጎዳል።

በጉዞ ላይ ችግር ሲያጋጥም

መሪው በድንገት ሲከብድ አሽከርካሪው በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ ማርሽ በመቀነስ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ያበርዳል። ከመታጠፊያ ርቆ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ የአደጋ ጊዜ መብራትና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይጠቀማል። ለጎማ ማቆሚያ ያኖረውን ድንጋይ ሲነሳ ከመንገድ ያስወግዳል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ፈጽሞ የተከለከለ ተግባር ሊሆን ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የመሪው እገዛ ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ የፍሬኑም እገዛ ይዳከማል። በአንዳንድ ተሽከርካሪዎች ቁልፉ ሲወጣ መሪው ይቆለፋል።

የባለንብረትና የተሳፋሪ ድርሻ

ተሽከርካሪዎች በሕግ መሠረት የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ምርመራው ግን የዕለቱን ሁኔታ የሚያሳይ በመሆኑ በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው ክትትል የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው። ባለንብረቶች አሽከርካሪው ያመለከተውን ችግር ሳያስጠግኑ ተሽከርካሪውን ለጉዞ ማሰማራት አይኖርባቸውም። ተሳፋሪዎችም ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ ካስተዋሉ ለአሽከርካሪው ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ሊያሳውቁ ይገባል።