ለትልቅ የሪሞት መኪና የጎማ ሰንሰለት በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል? (ለጎንደርና ለስሜን ደጋ ጭቃ)

ክረምት ሲገባ ዋልካ አፈር ጸባዩን ይቀይራል። በበጋ ድንጋይ መስሎ ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ አብጦ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በደምቢያ ሜዳ በክረምት በእግሩ የሄደ ሰው ጫማው እንዴት እንደሚከብድ ያውቀዋል። በሪሞት የሚነዳ ትልቅ መኪና ያላችሁ ልጆችም ችግሩን አይታችሁታል፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

መፍትሔው የጎማ ሰንሰለት ነው። ከውጭ እናስመጣው ካልን ዋጋው አይቀመስም። ደግነቱ በራሳችን እጅ ከሰፈር ዕቃ ይሠራል። ዛሬ ልኩን፣ አሠራሩንና ጥንቃቄውን እናሳያችኋለን። ወደፊት ሲያስፈልጋችሁ እንድታገኙት ሴቭ አድርጉት።

🔹 ነገሩ ከየት መጣ?

የጎማ ሰንሰለት የተጀመረውም በቤት ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ሾፌሮች ጭቃና በረዶ ሲያስቸግራቸው ጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ ነበር። ሃሪ ዊድ የተባለ የኒውዮርክ ግዛት ሰው ይህን አይቶ በገመዱ ፋንታ ሰንሰለት ተጠቀመና እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1904 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዛሬም ቅርጹ ብዙ አልተለወጠም፤ መሰላል ይመስላል። ሁለት የጎን ሰንሰለቶች አሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ መሰላል መርገጫ የሚያልፉ መስቀለኛ ሰንሰለቶች።

በእኛም አገር የገጠር መንገድ ሲጨቀይ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጎማ ላይ ሰንሰለት ያስራሉ። ለዘጠኝ ኪሎ የሪሞት መኪናም ሆነ ለጭነት መኪና ሕጉ አንድ ነው።

🔹 እንዴት ነው የሚሠራው?

ብዙ ሰው "ሰንሰለቱ በወፈረ ቁጥር ይሻላል" ይላል። ልክ አይደለም። ዋናው ነገር መስቀለኛው ነው።

ጎማው ዋልካ ላይ ሲዞር ጥርሱ መሐል ጭቃ ይሞላና ለስላሳ ኳስ ይሆናል። መስቀለኛው ሰንሰለት ግን የመኪናውን ክብደት በቀጭን መስመር ላይ ሰብስቦ ስለሚያሳርፈው የላይኛውን ልስልስ ጭቃ ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንከር ያለ አፈር ይይዛል። በዚያ ላይ ሲዞር ስለሚነቃነቅ ጭቃውን እያራገፈ ይሄዳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ጎማውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም። በጣም ካቀራረባችሁት ጭቃው መሐሉ ይደርቅና ሁለተኛ ጎማ ይሆንባችኋል።

🔹 ልኬት

ጎማችሁን በሜትር ለኩ። ለምሳሌ ቁመቱ 20 ሳ.ሜ፣ ስፋቱ 10 ሳ.ሜ የሆነ ጎማ እንውሰድ።

👉 ዙሪያው፦ 20 × 3.14 = 63 ሳ.ሜ ገደማ።

👉 የጎን ሰንሰለት፦ የሚያርፈው ጎማው ጫፍ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በጎኑ ነው። ከጫፉ 2.5 ሳ.ሜ ገባ ብንል የሚዞረው ክብ ቁመቱ 15 ሳ.ሜ ይሆናል። 15 × 3.14 = 47 ሳ.ሜ። ለመቆለፊያ ትንሽ ጨምሩና 49 ሳ.ሜ ያዙ። ለአንድ ጎማ ሁለት ያስፈልጋል።

👉 መስቀለኛ፦ የጎማው ስፋት 10 ሳ.ሜ፣ በግራና በቀኝ ለሚወርደው 2.5 ሳ.ሜ ሲጨመር 15 ሳ.ሜ።

👉 ብዛት፦ ጎማው በማንኛውም ሰዓት መሬት ሲነካ ቢያንስ አንድ መስቀለኛ ከሥሩ መኖር አለበት። ለዚህ ልክ 12 ይበቃል፤ በየ5 ሳ.ሜ አንድ ይደርሳል።

ሲደመር ለአንድ ጎማ ወደ 2.8 ሜትር፣ ለአራቱ 11 ሜትር ከምናምን ይሆናል። 12 ሜትር ግዙ።

🔹 ምን ዓይነት ሰንሰለት?

ሽቦው 2 ሚ.ሜ የሆነ፣ ቀለበቱ የተበየደ ቀጭን ሰንሰለት ፈልጉ። በሜትር እየተቆረጠ ከሚሸጥበት የብረታ ብረትና የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ይገኛል፤ የውሻ ሰንሰለትም ይሆናል። ቀለበቱ ያልተበየደ፣ ዝም ብሎ የታጠፈ ከሆነ ተዉት፤ ጉልበት ሲያርፍበት ይከፈታል።

ክብደቱን ሱቁ ውስጥ በሚዛን አስመዝኑ። 2 ሚ.ሜ የሆነው በግምት በሜትር 70 ግራም ይመዝናል፤ በአንድ ጎማ 200 ግራም ገደማ ማለት ነው። 3 ሚ.ሜ ከሆነ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ጎማ ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት ደግሞ ጀርባ ላይ እንደሚጫን ዕቃ አይደለም። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ማሽከርከር፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ማቆም አለበት። የሚበላው የዲፈረንሻሉን ጥርስ ነው።

የድሮ የብስክሌት ካቴና እንጠቀም የምትሉ አላችሁ። ይከብዳል፣ ወደ ጎንም አይታጠፍም፤ ለመስቀለኛ አይሆንም። ካላማዳሪውን ግን እንዳትጥሉት፤ ታች እንፈልገዋለን።

🔹 አሠራር

ፒንሳ፣ የሽቦ መቁረጫ፣ ጠንካራ ሽቦና የዓይን መከላከያ መነጽር አዘጋጁ።

1. ሁለቱን የጎን ሰንሰለቶች ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ። የቀለበታቸው ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በሜትር ብቻ አትመኑ፤ ቁጠሩ።

2. መስቀለኛውን እኩል አከፋፍሉ። የጎን ሰንሰለቱ 24 ቀለበት ካለው በየሁለት ቀለበቱ አንድ ማለት ነው። ክፍተቱ ከተዛባ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል።

3. ማያያዣውን ከጠንካራ ሽቦ ጠምዝዛችሁ ሥሩ፣ በፒንሳም ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። የሽቦው ጫፍ ሁሌም ወደ ውጭ ይዙር። ወደ ውስጥ ከዞረ ጎማውን ይበሳዋል።

4. ጎማውን ከመኪናው ፍቱትና ሰንሰለቱን አልብሱት። መጀመሪያ የውስጡን፣ ቀጥሎ የውጩን ጎን ቆልፉ። ለመቆለፊያ ትንሽ ቡሎንና ዳዶ ይበቃል።

5. አሁን ካላማዳሪው ይምጣ። 1 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ቀለበት ቁረጡ። በአምስት የሽቦ ሜንጦ ከውጩ የጎን ሰንሰለት ጋር አያይዙት፤ ሰንሰለቱን ወደ ቸርኬው መሐል ይስበዋል። ላስቲክ ስለሆነ ሰንሰለቱ ትንሽ እንዲነቃነቅ ይፈቅዳል፣ ግን አያስወልቀውም። በትልልቆቹ መኪናዎች ላይም ማወጠሪያ ላስቲክ የሚደረገው ለዚሁ ነው።

6. ጎማውን መልሳችሁ ግጠሙና መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። መኪናውን በእጅ ወደ ታች ተጫኑት። ሰንሰለቱ ከየትኛውም አካል ቢያንስ 1 ሳ.ሜ መራቅ አለበት። ከነካ አትንዱት፤ አሳጥሩት።

🔹 የትኛው ጎማ ላይ?

አራቱም ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሰንሰለት ካጠራችሁ ሞተሩ የሚያዞራቸው ሁለቱ ላይ አድርጉ። አንድ ጎማ ላይ ብቻ ማሰር ግን የለም፤ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ዲፈረንሻሉ ይሰቃያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ የፊቱን ብቻ ካሰራችሁ ቁልቁለት ላይ ኋላው ይንሸራተትና ይዞራል። የኋላውን ብቻ ካሰራችሁ ደግሞ ይገፋል እንጂ መሪው አይታዘዝም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ይህ ለትልቅ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ያ መንገድ ገደሉን ተጠግቶ ነው የሚወርደው። እዚያ ላይ መንሸራተት ከዕቃ መሰበር በላይ ነው። ዛሬ በሪሞት የሚጫወት ልጅ ነገ ረዳት ወይም ሾፌር ሊሆን ይችላል፤ ይሄን አሁን በ9 ኪሎ መኪና ቢማረው ይሻለዋል።

🔹 ሙከራና ጥንቃቄ

⚠️ መኪናውን ሳጥን ላይ አንሱትና ጎማዎቹን በአየር ላይ ለ10 ሰከንድ በቀስታ አዙሩ። መነጽር አድርጉ፣ ሕፃናት ከጎማው ትይዩ አይቁሙ። በፍጥነት ላይ የተበጠሰ ቀለበት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው።

⚠️ ሰንሰለት የፍጥነት አይደለም። ለእውነተኛ መኪና እንኳ የተለመደው ጣሪያ በሰዓት 50 ኪ.ሜ ነው። የሪሞት መኪና ጎማ በፍጥነት ሲዞር ይለጠጥና ሰንሰለቱን ሊበጥሰው ይችላል። ከሰው ሶምሶማ ሩጫ አይብለጥ።

⚠️ አስፋልትና ድንጋይ ላይ አውልቁት። ሰንሰለቱም ያልቃል፣ ማርሹም ይጎዳል። የፋሲል ግቢን የመሰለ ቅርስ ድንጋይ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም።

⚠️ ሞተሩን በየአምስት ደቂቃው ንኩት። ጣታችሁን ለሦስት ሰከንድ ማሳረፍ ካቃታችሁ አሳርፉት። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ጉልበቱ አይቀንስም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ስለሚሳሳ ቶሎ ይግላል።

⚠️ ባትሪ ብርድ አይወድም። በውርጭ ጠዋት እስክትነዱ ድረስ ጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት። ካበጠ ወይም ከተቀጠቀጠ ቻርጅ አታድርጉት።

🔹 የት እንንዳ?

ባዶ ሜዳ ላይ። ሰንሰለት ያሰረ ጎማ አፈር ይቆፍራል፤ የተዘራ ማሳና የግጦሽ ሣር ላይ አትግቡ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ የሆነ፣ ዋሊያና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ደግሞ በሪሞት የሚሠራ ነገር በዚህ ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ከሰፈራችሁ ራቅ ካላችሁ ቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው ወይም ቀበሌውን አናግሩ።

🔹 ከተጫወታችሁ በኋላ

ዋልካ ከደረቀ አይለቅም። እርጥብ እያለ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ትንሽ ዘይት ቀቡት። እያንዳንዱን ቀለበትና ማያያዣ በጣታችሁ ፈትሹ። የሳሳውን ዛሬውኑ ቀይሩ። የአንድ ቀለበት ዋጋ ምንም አይደለም፤ የዲፈረንሻል ማርሽ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አንነግርም 😅

ሰንሰለቱ ከጭቃ ያወጣችኋል እንጂ ያለ ጥንቃቄ እንድትነዱ አያደርግም። ሠርታችሁ ስትሞክሩት የጎማችሁን ልክና የመስቀለኛውን ብዛት ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። የሪሞት መኪና ላለው ጓደኛችሁም አጋሩት።