የግልገሉ አባት የትኛው ነው? የዘረመል ምልክት የእንስሳትን ዝምድና እንዴት ይለያል

በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ፍየል የሚያረባ አርሶ አደር የግልገሉን እናት ለይቶ ያውቃል፤ ስትወልድ አይቷል፣ ስታጠባም ያያል። አባቱን በእርግጠኝነት መናገር ግን ይቸግረዋል። የበርካታ ቤተሰቦች መንጋ በአንድ መስክ ውሎ ከአንድ ውኃ ስለሚጠጣ እንስቷን የሰረራት አውራ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጉዳዩ ከጉጉት ያለፈ ነው። አባቱ የማይታወቅ መንጋ ሳይታሰብ እርስ በርሱ ይዛመዳል፤ “ድቅል” ተብላ በውድ ዋጋ የተገዛች ጊደርም ከአካባቢ ኮርማ የተወለደች ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ዘዴዎች አንዱ የዘረመል ምልክት ምርመራ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ማንኛውም ግልገል ወይም ጥጃ የዘረመሉን ግማሽ ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። የቀንድ ከብትም ሆነ ፍየል 60 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት 30ዎቹ የእናት፣ 30ዎቹ የአባት ድርሻ ናቸው። በዘረመሉ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚለያዩ የታወቁ ቦታዎች አሉ፤ የዘረመል ምልክት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በአንዳንዶቹ ቦታዎች አጭር ቅንብር ተደጋግሞ ስለሚገኝ የድግግሞሹ ብዛት ርዝመታቸውን ይለያያል። በሌሎቹ ደግሞ ልዩነቱ የአንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ምልክት ላይ ግልገሉ 120 እና 126 የሚል ርዝመት፣ እናቱ ደግሞ 120 እና 130 አላቸው እንበል። 120 ከእናቱ የመጣ በመሆኑ 126 ከአባቱ መምጣት አለበት። 122 እና 126 ያለው ወጠጤ አባት ሊሆን ይችላል፤ 118 እና 124 ያለው ግን ከዚህ ግልገል ጋር አይገጥምም። ባለሙያዎች ይህንኑ ንጽጽር በብዙ ምልክቶች ላይ ይደግሙታል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ዘረመል ማኅበር ለቀንድ ከብት የወላጅነት ምርመራ 12 ተደጋጋሚ ምልክቶችን በጋራ መለኪያነት መርጧል።

ምርመራው ምን ያህል ይታመናል?

አባት ያልሆነውን ማውጣት አባት የሆነውን ከማረጋገጥ ይቀላል። በበርካታ ምልክቶች ላይ ያልገጠመ ኮርማ አባት አይደለም። በሁሉም ምልክቶች የገጠመ ኮርማ ግን አባትነቱ የሚገለጸው በከፍተኛ የመሆን ዕድል ነው። ሁለት ወንድማማች ኮርማዎች በአንድ መንጋ ውስጥ ካሉ ዘረመላቸው ስለሚቀራረብ ለመለየት ተጨማሪ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። ዋናው ቁም ነገር ምርመራው የሚሠራው በንጽጽር መሆኑ ነው። የተጠርጣሪው አውራ ናሙና ከሌለ፣ ለምሳሌ ከታረደ ወይም ከተሸጠ፣ የግልገሉ ናሙና ብቻውን የአባቱን ማንነት አይናገርም።

ዘዴው በሰው ዘንድም የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ካገኘ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት የአንድን ልጅና የእናቱን ዝምድና ለማረጋገጥ ዋለ። በአገራችንም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወታቸውን ያጡ 157 ሰዎች ማንነት የተለየው ከቤተሰቦቻቸው በተወሰደ የዲኤንኤ ናሙና ጭምር ነው።

ለአርቢው ያለው ጥቅም

የመጀመሪያው የዘመድ እርባታን መከላከል ነው። ወጠጤ ገና በአምስት ወይም በስድስት ወሩ መስረር ስለሚችል፣ ካልተለየ እናቱንና እህቶቹን ሊሰርር ይችላል። አባት ከልጁ የወለዳት ግልገል የዘመድ እርባታ መጠን 25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት የወለዷት ደግሞ 12.5 በመቶ ይደርሳል። መጠኑ በጨመረ ቁጥር የግልገል ሞት ይበዛል፣ እድገት ይዘገያል፣ የመራባት አቅም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የዝርያ ማሻሻያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ላይ የሚገኘው የአዳሚ ቱሉ ግብርና ምርምር ማዕከል የአርሲ ባሌ ፍየሎችን ሲያጠና ቆይቷል። በምርምር ጣቢያ እርባታው ቁጥጥር ስለሚደረግበት የግልገሉ አባትና እናት በመዝገብ ይታወቃሉ፤ በመንደር መንጋ ግን መዝገቡ የአባቱን ስም ያጣል። ጥሩ ልጆች የሚወልደው አውራ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ምርጫው በመልክና በቁመና ብቻ ይሆናል። የዘረመል ምልክት ይህን ክፍተት ይሞላል።

ሦስተኛው ድቅል ላሞችን ይመለከታል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የተመራ ፕሮጀክት በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የአነስተኛ አርቢዎችን ላሞች ናሙና በመመርመር ከውጭ ዝርያ የወረሱትን ድርሻ ለክቷል። ቀለምና ቁመና ብቻውን ይህን ድርሻ አያሳይምና።

ምርመራው የቤተ ሙከራ መሣሪያና ወጪ ስለሚጠይቅ ለእያንዳንዱ ግልገል የሚታዘዝ አይደለም። አርቢው ግን ያለ ቤተ ሙከራ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦

• ላም በሰው ሰራሽ ዘዴ ስትዳቀል ቀኑንና በአባለዘሩ ስትሮው ላይ የተጻፈውን የኮርማ ቁጥር መመዝገብ። ላም የምትወልደው በ280 ቀን ገደማ ነው። ካልጸነሰች ድራቷ በ21 ቀን ገደማ ይመለሳል። ስለዚህ ከተዳቀለች ከ300 ቀን በኋላ የተወለደ ጥጃ በሚቀጥለው ድራት ከአካባቢ ኮርማ የተጸነሰ ሊሆን ይችላል።

• ለእርባታ ያልተመረጡ ወጠጤዎችን ለመራባት ከመድረሳቸው በፊት መለየት ወይም ማኮላሸት፤ የተመረጠውንም ልጆቹ ለእርባታ ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ መንደር አውራ ጋር መለዋወጥ።

• ዋና አውራ ከመሸጡ ወይም ከመታረዱ በፊት ከጅራቱ ፀጉር ከነሥሩ ነቅሎ በደረቅ የወረቀት ፖስታ ማስቀመጥና የጆሮ ቁጥሩን በላዩ መጻፍ። ወደፊት ጥያቄ ቢነሳ ለንጽጽር የሚሆነው ናሙና ይኸው ነው።

ጊደር የሚገዛ ሰውም ከዋጋው በፊት የመዳቀያ መዝገቧን መጠየቅ ይገባዋል። የተወለደችበት ቀንና የአባቷ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ሲገጥሙ ሻጭም ገዢም ያለ ክርክር ይለያያሉ።