ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት፦ የኬንያ መሪዎች መሐላ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2002 ምዋይ ኪባኪ በመኪና አደጋ የተጎዳ እግራቸው በጄሶ ታስሮ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ደረሱ። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር። ዳንኤል አራፕ ሞይ ከ24 ዓመት በኋላ ሥልጣን ሲያስረክቡ፣ ኪባኪ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ልክ በ5 ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ እኚሁ ሰው ዳግም ማሉ። ይህኛው ግን ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ ውጤቱን ካወጁ ገና አንድ ሰዓት ያህል ቢሆነው ነው። የኪባኪ ተፎካካሪ ራይላ ኦዲንጋ ድምፄ ተሰርቋል እያሉ ነበር፤ ጠቅላይ ዳኛ ኢቫን ጊቼሩ ግን መሐላውን አስፈጸሙ። ቀጥሎ በመጣው ደም መፋሰስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከቀያቸው የተፈናቀሉት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። የግጭቱ ሥር ከመሬትና ከዘር ፖለቲካ የተመዘዘ፣ የቆየ ነው። ያ ጥድፊያ ግን ቅሬታ የሚሰማበትን ጊዜ ነጠቀ፤ እኔ ይቅር የማልለው ይህንን ነው።

መሐላ በኬንያ ቀድሞም የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። በፀረ ቅኝ ግዛቱ የማው ማው ዐመፅ ዘመን ቅኝ ገዥዎቹ የትግሉን መሐላ ያስፈጸመን ሰው በስቅላት ይቀጡ ነበር። ጆሞ ኬንያታም እ.ኤ.አ. በ1953 ማው ማውን መርተዋል ተብለው 7 ዓመት ተፈረደባቸው። በ10 ዓመቱ፣ ጁን 1 ቀን 1963፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የማሉት እኚሁ ሰው ናቸው።

ከ2007ቱ መከራ በኋላ ኬንያውያን ሰዓቱን ሳይቀር በሕግ አሰሩት። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 141 መሐላው በአደባባይ፣ በጠቅላይ ዳኛው ፊት እንዲሆን ያዛል። ውጤቱን በፍርድ ቤት የተቃወመ ከሌለ፣ ከታወጀ ከ14ኛው ቀን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ማክሰኞ ይፈጸማል፤ ክስ ከቀረበም ምርጫውን የሚያጸና ውሳኔ ይጠበቃል። በ2012 የወጣው ዝርዝር ሕግ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ወስኖታል። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓቱን እንደ እኛው ይቆጥራል። ተሿሚው ከማለ በኋላ በሰነድ ላይ ይፈርማል። በጀምበር መጥለቂያ መማል ቀረ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2018 ግን ኦዲንጋ የምርጫ ውጤት አልቀበልም ብለው፣ ራሳቸው ኡሁሩ ፓርክ ላይ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ሆነው ማሉ። መንግሥት ታላላቆቹን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘጋ፤ አጠገባቸው የቆሙት ሚጉና ሚጉና ከአገር ተባረሩ። ሕጉ ያልተቀበለው መሐላ ይህን ያህል ማስፈራቱ ያስደንቀኛል።

መሐላ በመከልከልም ይገዛል። የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽኑ በ2019 ካቀረባቸው 41 ዳኞች መካከል ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በ2021 ሹመት ያጸደቁት ለ34ቱ ብቻ ነበር። ከቀሩት ውስጥ ጆርጅ ኦዱንጋና ጆኤል ንጉጊ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የፕሬዚዳንቱን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውድቅ ካደረጉት ዳኞች ናቸው። የኡሁሩ ተተኪ ዊሊያም ሩቶ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2022 በካሳራኒ ስታዲየም እንደማሉ ከቀሩት ውስጥ የስድስቱን ሹመት አጸደቁ፤ ዳኞቹም በማግስቱ ማሉ።