ቅጣቱ ለመንግሥት፣ ቁስሉ ለተበዳይ

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መኪና ላንቴ ሲደርስ የተሳፋሪው ዓይን ሙዙ ላይ ያርፋል። በዚሁ መንገድ ግን ለብዙ ዓመታት ሌላም ነገር ተጓጉዟል፦ ሸማ ሥራ ትማራላችሁ፣ ሰው ትሆናላችሁ እየተባሉ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የተወሰዱ ሕፃናት። ሁሉም ተበደለ ማለት አይደለም፤ ከዘመዱ ዘንድ ሙያ ለምዶ ቤት የሠራ፣ ወላጆቹን የጦረ ሞልቷል። እየተደበደበ፣ ደመወዝ ሳያይ፣ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ሳይወጣ ያደገውስ? ደላላው ተይዞ ቢቀጣ እንኳ ልጁ በምን ይታከማል? የአካሉ ይሁን፣ የሌሊት ቅዠቱን ማን ያክምለታል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጥፋተኛው ካሳ መክፈል የማይችል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ለተበዳይ እንዲሰጥ በር ከፍቶ ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 102 ይህንኑ ይዟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ የወንጀል ተጎጂዎችን ከመንግሥት ካዝና መካስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ተከተለች። ሐሳቡ እኛ ዘንድ ቀድሞ በወረቀት ሰፍሯል ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ ቢሮ ከፈቱለት፣ በጀት ያዙለት፤ እኛ ዘንድ «ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል» የሚል ፈቃድ ሆኖ ቀረ። መቀጮ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፣ ተበዳይ ወደ ቤቱ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ይብሳል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. ሕግ በአንቀጽ 2116 የሞራል ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ነበርና 400 ዶላር መሆኑ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። የተደፈረች ሴት ካሳ ልትጠይቅ እንደምትችል አንቀጽ 2114 ይናገራል፤ ጣሪያውን ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። የጤፍ ዋጋ ስንት ጊዜ ተለወጠ፣ የኀፍረትና የድንጋጤ ዋጋ ግን እዚያው ቆመ።

ሌላው ዓለም ይህን ገንዘብ ከየት አመጣው? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመችው የፌዴራል የተጎጂዎች ፈንድ በዋናነት ከወንጀለኞች መቀጮ የሚሞላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በሳን ፍራንሲስኮ ጠቅላላ ሆስፒታል የተጎጂዎች የሥነ ልቦና ማገገሚያ ማዕከል ተከፈተ። በ2014 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ ለቀላል ወንጀሎች የእስር ቅጣትን ቀንሶ፣ ከእስር ቤት ወጪ ከሚተርፈው ገንዘብ 10 በመቶው ለእንዲህ ዓይነት ማዕከላት በድጎማ እንዲሰጥ አደረገ።

እኛ ዘንድ ሸክሙን የተሸከሙት በአብዛኛው ማኅበራትና ለጋሾች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው፣ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ግቢ የሚገኙበት ማዕከል ትልቅ እርምጃ ነበር። የተጠቂ ሴቶች መጠለያዎችም በአመዛኙ በውጭ ርዳታ ነው የቆሙት። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ግን ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶችና ሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ሥራው ተሽመደመደ። መንግሥት የለጋሹን እጅ ሲመልስ የራሱን አልዘረጋም። አዋጁ እስከ 2011 ዓ.ም. ዘለቀ።

አንድ የተለየ ሙከራ ነበር። በ2007 ወጥቶ በ2012 በሌላ አዋጅ የተተካው የሰው ንግድ አዋጅ ቁጥር 909 ተጎጂዎችን መልሶ የሚያቋቁም ፈንድ ደንግጎ ነበር፤ ምንጮቹም የመንግሥት በጀትና ከወንጀለኞች የተወረሰ ንብረት ጭምር ነበሩ። የሽሮ ሜዳው ልጅ በደላላ የተሸጠ ከሆነ ይህ ፈንድ በስሙ ይጠራው ነበር። በጎረቤቱ የተደፈረችውን የላንቴ ልጅ ግን አይጠራትም ነበር፤ የእሷ ወንጀል ሌላ አንቀጽ ነውና።

ጋሞዎች የበኩላቸውን ያውቃሉ። በመስከረም 2011 በቡራዩ ጋሞዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ ለበቀል በተነሡት የአርባ ምንጭ ወጣቶች ፊት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ። አገር አመሰገናቸው፤ ይገባቸዋልም። ተፈናቃዮቹ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ ፍራሽና ምግብ የያዘ ሕዝብ ጎረፈ። ፍራሹ ተነሥቶ፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ የልጆቹን ድንጋጤ የሚከታተል ቋሚ በጀት ግን በየትኛው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ነበር? ሽማግሌ ደም ያደርቃል፤ የባለሙያ ደመወዝ ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል?

ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ማካካሻ ይናገራል። እሱም የሚያየው ከግጭትና ከጅምላ በደል ጋር የተያያዘውን ነው። ለላንቴዋ ልጅ የቀረላት ከመቀጮው ሊያካፍላት የሚፈቅድ ዳኛ፣ እሱ ካልፈቀደ ደግሞ በ1952 የተተመነው 1,000 ብር ነው።