የዜማ ትምህርትና የልጆች ፉክክር በደቡብ ጎንደር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ልጅን ወደ ክላሲካል ሙዚቃ የሚያስገባው በር የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ክላሲካል ሲባል ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ለሚታየው አንባቢ ነገሩ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የተወሰነ የዜማ ስልት፣ የጽሑፍ ምልክት፣ የመምህራን ሐረግና የመጨረሻ ፈተና ያለው ሙዚቃ ሌላ ስም የሚያስፈልገው አይመስልም።

መሠረቱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ፤ መጻሕፍቱ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩለት ይታመናል። ከፊደሉ በላይ ከሚቀመጡት ምልክቶች መካከል ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና ርክርክ ይገኛሉ። ድፋት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቅናት ያነሣል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል።

ዞኑ በዚህ ትምህርት ያለው ስፍራ ከስፋቱ ይበልጣል። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የትም ደብር የተማረ ሰው በድጓ መምህርነት ሊታወቅ ሲፈልግ ወደዚያ ይወጣል። ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ነው። ቆማ የሚባለው የዜማ ዓይነትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ፣ ቀድሞ በጌምድር ከሚባለው ምድር፣ ከቆማ ፋሲለደስ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ቤተ ልሔም ደርሶ፣ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ማየቱን ጽፏል። ዜማውን ለሚያውቁ ግን ቦታዋ ከዚያ በፊትም የታወቀች ነበረች።

ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ይገባል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነውን ቁራሽ በልቶ ያድራል። ሌሊት መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ቀለም ይቀጽላል። መምህሩ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጁ ቅናት ባለበት ድፋት ከጣለ “ተመለስ” ይሉታል፤ ተመልሶ ይላል፤ ዳግመኛ ከሳተ ከኋላው ያለው ልጅ ይነሣል። ፉክክሩ ያለው እዚህ ነው። ሽልማቱ አንድ ቀለም ቀድሞ መሄድ፣ ቅጣቱ በጓደኛ ፊት መመለስ ነው። የቀደመው ለኋለኛው ያስጠናል፤ ስለዚህ ተወዳዳሪው ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

የማኅሌት አገልግሎት ትምህርት ወደ ሆነው አቋቋም ሲደርስ ፉክክሩ በሰው ፊት ይወጣል። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ማኅሌቱን ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ሳይጥል መቀበል አለበት። የደብረ ታቦር ከተማ በተለይ የምትታወቀው በተክሌ ዝማሜ፣ በመቋሚያ በሚደረግ የውዝዋዜ ሥልት፣ ነው። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና፣ ሰው በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው፣ በጣና ደሴት ሳሉ የማዕበሉንና የደንገሉን ውዝዋዜ አይተው ዝማሜውን እንደ ፈጠሩት ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ሲሉ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስሙም በእሱ ቀረ። አንድ ሥልት ከአባት ይልቅ በልጅ ስም መጠራቱ፣ ወጣቱ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያል።

በውጭው ዓለም ልጅን ወደ ክላሲካል ሙዚቃ የማስገባቱ አካሄድ ሌላ ነው። በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ የሚካሄደው የቫን ክላይበርን የፒያኖ ውድድር ሙዚቀኞችን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየላከ ልጆችን ያስደምጣል፤ የእንግሊዙ የሊድስ ውድድርም ለትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ሥራ አለው። እዚያ ልጁ አድማጭ ሆኖ ይጀምራል። እዚህ ግን ከዜማ ትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን ዘማሪ ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛው የተሻለ ነው ማለት ይቻላል።

ጉድለቱን ማለፍ ግን አይገባም። ረኀቡና ብርዱ ብዙ ልጅ ከመንገድ ያስቀራል፤ ሴቶች ልጆችም በድጓና በአቋቋም ጉባኤ እምብዛም አይታዩም። በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት ማየት የተሳናቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው የገነነው ብርቅ ስለሆኑም ጭምር ነው። ለሴት ልጆች በሩን በስፋት የከፈተው የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ከክወናና እይታ ጥበባት ጋር ተዳብሎ ይሰጣል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ነው፣ ከደብረ ታቦር ሩቅ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱንና የአብነቱን ዓለም ለማገናኘት የሚያስብ መምህር መጀመሪያ ቀን ይምረጥ። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው በዓል፣ ደብረ ታቦር፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበትና ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩበት ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ይውላል። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11 ስለሆነ ተማሪዎቹ ከዋዜማው በፊት ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በከበሮና በጸናጽል የሚዜመውን ወረብም በማግስቱ ከታቦቱ ፊት ያገኙታል። መሪጌታውን አስቀድሞ ማነጋገር ብቻ ነው የሚቀረው።